አባ ኮዳውን ሳሉት እንጂ!

የሐዋሳ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከራሴ ጀምሬ ወደ እናንተ እመጣለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ ሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ገበያችን፣ ከአሞራ ገደል፣ መጣና «ጥሬ ዓሣ አትብሉ፣ ሎሚውም ዳጣውም ትሉን አይገድለውም» አለ። እውነቱን ነበር። ዓሣ ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ትል ሎሚ አይበግረውም። እኛ ግን ቆሮሶ ዓሣችን ተነካ ብለን ተንጨረጨርን። እኔ ደግሞ እጄ አያርፍ፣ ሰውየውን የሚስቱን ወጥ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ሳልኩት። ኧረ እንዴት ተሳቀ! ከፒያሳ እስከ አቶቴ ከስልክ ስልክ ዞረ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰውየው ለካ የምርመራውን ውጤት ጽፎ ለአለቆቹ አስገብቶ ነበር። እነሱ «በዓል እየደረሰ እንግዳ ታስበረግግብናለህ» ብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። እሱ ዝም ማለት ስላላስቻለው በገዛ እግሩ መጥቶ ነገረን፣ እኛም ሳቅንበት። መሳቢያውን በቆለፈው ሰው ላይ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተሰመረም። እንዲያውም ያን ሥዕል አይቶ ከት ብሎ እንደሳቀ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ነው ያፈርኩት።

እናንተስ? ዝናብ ይቀራል ያለውን የሜትሮሎጂ ሰው፣ ውሃ አፍሉ ያለችውን የጤና ባለሙያ፣ ሐይቁ ታመመ ያለውን አስተማሪ እያነሳችሁ ስትቀልዱ ትውላላችሁ። ቁጥሩን የደበቀው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ሲመጣ ደግሞ ታጨበጭባላችሁ። ወገኖቼ፣ ይሄ ነውር ነው።

በአለቃ መሳቅ እኮ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ ንጉሡ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቅ ነበር፣ ሹማምንቱ የደበቁትን ከእረኛው ዘፈን ለመስማት። አዝማሪውም ሰሙን አስቀድሞ ወርቁን ከሥር ያጎርስ ነበር። ካርቱን ለእኔ የዚያው ዘመድ ነው። ሪፖርት የማያነብ ሰው ሥዕል ያያል፤ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈውን ወረቀትም በአንድ ገጽ ማውጣት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ «ዩኒየን ኦፍ ኮንሰርንድ ሳይንቲስትስ» የሚባል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ፖለቲከኞች ሳይንስ ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ የሚያሳዩ ካርቱኖችን አወዳድሮ ነበር። የተመረጡትንም የቀን መቁጠሪያ አድርጎ አሳተማቸው። አስቡት፣ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ!

ብዕር ግን በራሱ ቅዱስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1802 እንግሊዛዊው ጄምስ ጊልሬይ ከላም በሽታ የተወሰደውን የፈንጣጣ ክትባት የተከተቡ ሰዎች ከክንዳቸውም ከፊታቸውም ላም ሲበቅልባቸው ሳለ። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ያስቃል። ፈንጣጣን ከምድር ያጠፋው ግን ያ የተሳቀበት ክትባት ነው። የእኔ የማይክሮስኮፕ ሥዕልም ከዚያው ጎራ ነች፣ ምን ይደረግ።

አተትን ታስታውሳላችሁ አይደል? በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ሳይቀር ተቅማጥና ትውከቱ ሲነሳ ባለሥልጣናቱ «አተት» አሉት። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ። ኮሌራ የሚለው ቃል ከሰው አፍ አልጠፋም፣ ከመግለጫው ግን ጠፋ። በሽታውን የሚለየው የሰገራ ምርመራ ሆኖ ሳለ ስሙን የሚያወጣለት ግን የስብሰባ ጠረጴዛ ሆነ። ያኔ አንድ ሰው ባክቴሪያውን ኬላ ላይ ቢያቆመውና «አተት» የሚል ፎርጅድ መታወቂያ ሲያሳይ፣ ፖሊሱም ሰላምታ ሰጥቶ ሲያሳልፈው ቢስለው ኖሮ የስንት ሰዓት መግለጫ ያልነገረንን በነገረን ነበር። አልሳልነውም። እኔም አልሳልኩትም፣ ፈርቼ። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ በፈራ ሰው አልፈርድም። እኔን የሚያናድደኝ አለቃውን ፈርቶ ባለሙያው ላይ የሚጀግነው ነው።

አሁን ደግሞ ሐይቁ አለ። ሐይቃችን ወንዝ ሆኖ የሚወጣበት በር የለውም። በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩልም ሆነ ከከተማው የሚገባው ቆሻሻ እዚያው ይቀመጣል፤ ዓሣውም እኛም እዚያው ነን። ስለዚህ አንድ ሰው ለክቶ ቁጥር ይዞ ሲመጣ በመነጽሩና በአማርኛው ከመሳቃችሁ በፊት ቁጥሩን ጠይቁት። ምን ለካህ፣ መቼ፣ ከየት ቀድተህ፣ ማንስ ከለከለህ በሉት። አይታችሁ ተረዱና ከዚያ ሳሉ። ቁጥሩን ሳትረዱ ከሳላችሁ ደግሞ ያው እንደ እኔ ትሆናላችሁ። ባለሙያዎችም ብትሆኑ እስቲ ሰው በሚገባው ቋንቋ ተናገሩ፣ ግማሹ ጥፋት የእናንተ ነው።

ሞዴል ካጣችሁ አሞራ ገደል ሂዱ። አባ ኮዳው፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ዓሣ አጥማጁ ሥር ከረባት እንዳሰረ ሹም ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አንገቱ ላይ ያ ኮረጆ ተንጠልጥሎ። የላብራቶሪ ወረቀት ሲውጥ አድርጋችሁ ሳሉት፣ ጫፏ ከመንቁሩ ትታይ።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ዓሣ ሾርባው ጋ ነኝ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ። ያን ባለሙያ የምታውቁት ካላችሁ ንገሩልኝ፣ ሾርባው በእኔ ነው።