«ጋሼ፣ በጣም ቆንጆ ነው» አትበሉኝ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን እዚሁ ሐዋሳ። በእነዚያ ዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ያልሳልኩት የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ የለም። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ፤ ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን በጠመኔ አሰፍራቸው ነበር። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፣ ደወሉ ይደወላል፣ ተረኛው ሰሌዳውን ያጠፋዋል። በ60 ዓመቴ ጡረታ ስወጣ እጄ ሥራ ፈታ። እጄ ሥዕል ሲለማመድ እንደኖረ የገባኝም ያን ጊዜ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ የማታ የሥዕል ሥልጠና መኖሩን ሰምቼ ልመዘገብ ሄድኩ። ማስታወቂያው «ዕድሜ ከ18 እስከ 35» ይላል። መዝጋቢዋ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝና «አባባ፣ ለልጅዎ ነው?» አለችኝ። ለራሴ መሆኑን ስነግራት ትሕትናዋ አልቀነሰም፤ መልሷ ግን «አይቻልም» ነበር። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ይህ ገደብ ምን ላይ እንደሚጠቅም አውቃለሁ። መንግሥት በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲያቋቁም ተጠቃሚዎቹን ከ18 እስከ 34 ዓመት ባሉት ወስኗል። ሥራ ያጣ ወጣት በሞላበት አገር ብድሩ ለእነርሱ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ከልጆቼ ድርሻ አልሻማም። እርሳስና ወረቀት ይዞ በሚመጣ ተማሪ ላይ ግን ይኸው መስፈርት ምን ይጠብቃል? ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ቢቀመጥ የማንም ወጣት ቦታ አይጠፋም። ቦታ ከጠበበም በችሎታና በፍላጎት ይመረጥ።

ዕድሜው ከገፋ በኋላ ጥበብ የሚጀምር ሰው በከተማችን ሁለት ዓይነት ፊት ይጠብቀዋል። አንዱ «በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምን አስጨነቀህ? አርፈህ ጡረታህን ብላ» የሚለው ነው። ይህ ያን ያህል አይጎዳም፤ ቢያንስ እልህ ያስገባል። የሚጎዳው ሁለተኛው ነው፤ ምስጋናው። ሰፋ አድርጌ ልናገረው።

ሥልጠናው ሲዘጋብኝ ቀድሞ ያስተማርኩት፣ አሁን ሥዕል የሚያስተምር አንድ ወጣት ዘንድ ሄድኩ። ደስ ብሎት ተቀበለኝ። ማልጄ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል እወርዳለሁ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲያወራርዱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት ሊለቅሙ ከበው ሲቆሙ እስላለሁ። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዤለት እሄዳለሁ። «ጋሼ፣ በጣም ቆንጆ ነው» ይለኛል። በማግሥቱ ሌላ እወስዳለሁ። «ጋሼ፣ ይህማ ግሩም ነው» ይላል። ሦስት ወር እንዲህ ሄድን።

አንድ ቀን ከአጠገቤ የተቀመጠች አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ የሣለችውን አነሣና «እግሩ ክብደት አልተሸከመም፤ ይህ ወፍ ይወድቃል፤ እንደገና» አላት። የእርሷን ወፍና የእኔን ወፍ አስተያየሁ። የእኔው ቀድሞ የሚወድቅ ነበር። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ልጁን ለብቻው ጠርቼ «እኔ የአንተ ፈተና ላይ ቀይ እስክሪብቶ ነፍጌህ አውቃለሁ?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ እርስዎን እንዴት አርማለሁ?» አለኝ።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ንቆኝ ሳይሆን አክብሮኝ ነው የጎዳኝ። ለታላቅ ከመቀመጫ መነሣትን፣ «እርስዎ» ማለትን፣ ፊት ለፊት አለመቃወምን ያስተማርነው እኛው ነን። መልካም ነገር ነው፤ እንዲቀር አልፈልግም። ነገር ግን በሙያ ፊት እኔ ጀማሪ ነኝ፤ ጀማሪን ሳያርሙ ማወደስ ደግሞ በር ላይ አቁሞ ማስተናገድ ነው።

ይህ ለባህላችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ጢም ያወጣ ተማሪ ከልጅ እግሩ ጋር አንድ መምህር ሥር ይቀመጣል። የቆጠረውን፣ ማለትም የደረሰውን ቅኔ ሲያቀርብ መምህሩ ዕድሜውን አይጠይቁም፤ ስሕተቱን ያርሙለታል። ከጎንጅ ቅኔ ቤት ወደ ዋሸራ ቅኔ ቤት ተሻግሮ እንደ አዲስ የሚማር ሰው «አረጀህ» አይባልም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ተማሪዬ ያርመኛል። መጀመሪያ ያሳየኝ የአባ ኮዳን እግር ነው። ወደ ኋላ የሚታጠፈውን መጋጠሚያ ጉልበት ነው ብዬ ነበር የምስለው፤ እርሱ ግን ቁርጭምጭሚት ነው፤ እውነተኛው ጉልበት ከፍ ብሎ ከላባው ሥር ተሸሽጓል። ካርታ ሲስል የኖረ ሰው የሚያውቀውን እንጂ የሚያየውን አይስልም፤ የእኔም በሽታ ይኸው ነበር። በአንድ ሳምንት እርማት ያገኘሁትን በሦስት ወር ምስጋና አላገኘሁም።

አንዳንዶች ሊያጽናኑን ሀዲስ ዓለማየሁን ይጠቅሱልናል፤ ትልቁን ልብ ወለዳቸውን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነውና። እውነት ነው፤ ግን እርሳቸው ያን ዕለት ብዕር የጨበጡ ጀማሪ አልነበሩም፤ ከዚያ በፊትም ጽፈዋል። ይልቅ ከእርሳቸው የምወስደው መምህርነቱ፣ በጣሊያን ያሳለፉት ግዞት፣ የዲፕሎማትነቱ ዓመታት ባክነው እንዳልቀሩ ነው። የእኔም ጠመኔ እንዲሁ ባክኖ አልቀረም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ገንዘብም ሳልናገር አላልፍም፤ ሽማግሌ ለደስታው ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸውና። በጡረታ ሕጉ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። የእኔ 31 ዓመት 56.25 በመቶ ሆነ፤ ያውም ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ። የገበያው ዋጋ ግን ለጡረተኛ በግማሽ አይታሰብም። አንድ ሆቴል አራት ሥዕሎቼን ወስዶ ግድግዳው ላይ ከሰቀለ በኋላ ዋጋ ስጠይቅ «ለመታሰቢያ ይሁንልዎት» አለኝ። በሕይወት ላለ ሠራተኛ መታሰቢያ አይከፈለውም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪ፣ ማለትም ሥዕሉን የፈጠረው ሰው፣ ከሥራው ገቢ የማግኘት የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሕጉ በስንት ዓመትህ ጀመርክ ብሎ አልጠየቀም። ሥዕሎቼን አውርጄ ወሰድኩ።

ሥልጠና የምታዘጋጁ፣ በመስከረም ማስታወቂያ ስትለጥፉ ያችን የዕድሜ መስመር አውጧት። በየክፍለ ከተማው ያሉ የወጣት ማዕከላት ወጣቱ ትምህርትና ሥራ ላይ በሚውልበት የጠዋት ሰዓት ለእኛም ይከፈቱ። ወጣት መምህራንም፣ «ጋሼ» ማለታችሁን ሳትተዉ ቀዩን እርሳስ አንሡ። እኔ ሰው መሣል ገና አልቻልኩም፤ የዓሣ አጥማጆቹ እጅ መረቡን ሲጎትት እንዴት እንደሚጨበጥ የሚያሳየኝ እፈልጋለሁ። ምዝገባው ሲከፈት ወረቀቴን ይዤ እዚያችው መስኮት ላይ እቆማለሁ።