ኤል አላሜይን የእንግሊዞች ብቻ አይደለም

ወንድሜ፣ «ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ያለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካነ መቃብር የእንግሊዞች ነው፤ የሚጠብቀውም የግብፅ መንግሥት ነው» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ስሕተት ነው። ከ7,000 በላይ መቃብሮች ባሉበት በዚያ ግቢ አውስትራሊያውያን፣ ኒውዚላንዳውያን፣ ደቡብ አፍሪካውያንና ሕንዶችም አርፈዋል። ጠባቂው እ.ኤ.አ. በ1917 የተቋቋመው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ሲሆን፣ ወጪውን የሚሸፍኑት ስድስት አባል አገሮች ናቸው። ጀርመኖችና ጣሊያኖች ከዚያ ወደ ምዕራብ የየራሳቸው መታሰቢያ አላቸው።

ጥበቃው ደግሞ ቀላል እንዳይመስልህ። ነፋስ የሚያመጣው አሸዋ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ስም እየፋቀ ያደበዝዘዋል፤ እንደገና መቅረጽ፣ ካልሆነም ድንጋዩን መቀየር ግድ ይላል። አረንጓዴ ሣርም አትጠብቅ፤ በረሃ ነው፣ ቁልቋል ነው የምታየው።

በነገራችን ላይ በኤል አላሜይን ውጊያ የጀርመኖች አዛዥ የነበረው ሮሜል እዚያ ተቀብሯል የሚባለውም ወሬ ነው። መቃብሩ ያለው አገሩ ጀርመን፣ ሄርሊንገን ነው።