ለክቡር አሮጌው ዴስክቶፕ፣ ከጠረጴዛው ሥር ባሉበት

ቁጥር፦ የለውም፣ የመዝገቡ ፋይል አልከፈትም ብሏል
ቀን፦ ታህሳስ 23 ቀን 2001 ዓ.ም.
ጉዳዩ፦ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ስለማለትዎ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን አደሩ ብዬ አልጠይቅም፣ እንዴት እንዳደሩ አይቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በራስዎ ላይ ነው፣ ዛሬ በአምስተኛው ሙከራ ስለተነሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው፣ ተመልሰው ሳይተኙ ቶሎ ቶሎ ልበል። (ከላይ ያለውን ቀን አይቶ ግራ የተጋባ ካለ ይታገሰኝ፣ እመጣበታለሁ።)

ለማያውቅዎት ሰው ላስተዋውቅ መቼም። ክቡርነታቸው የቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ "ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ" ከሚለው ታፔላ ጀርባ የተቀመጡ ባለ ኮር ቱ ዱዎ (የድሮ ፕሮሰሰር ነው) ዴስክቶፕ ናቸው። ያሉት ዊንዶውስ 7 ላይ ነው፣ ማይክሮሶፍት ራሱ በፈረንጆቹ ጥር 2020 በቃኝ ብሎ እጁን የታጠበበት ዊንዶውስ 7፣ ግን ፓወር ግዕዙም፣ የአማርኛ መጻፊያው፣ እዛ ላይ ለምዷል የኔም ጣት እዛ ላይ ለምዷል፣ እና ሶስታችንም አብረን እያረጀን ነው። ሥራችን ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ሲቀናን የሰርግ ጥሪ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደንበኛ በር ላይ ቆሟል፣ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ፋኑ ይጮሃል፣ መብራትዎ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጭልም። ከዛ ያቺ ድምፅ ትመጣለች፣ ጢ…ጥ፣ ዝም፣ ጢ…ጥ፣ ዝም። መጀመሪያ ሰሞን ሰላምታ መስሎኝ ነበር። ለካ ስሞታ ኖሯል፣ ማዘርቦርዱ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ስክሪን ላይ ጽፎ መናገር ሲያቅተው በጩኸት ነው የሚያወራው፣ ረጅም ከሆነ እንዲህ፣ አጭር ከሆነ እንዲያ፣ ደግሞ ትርጉሙ ባዮሱን፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን ፕሮግራም፣ እንደሠራው ኩባንያ ይለያያል፣ በቃ የሽማግሌ ሳል በሉት፣ አንዱ አባወራ ሲስል "ውሃ አምጡ" ነው፣ ሌላው ሲስል "ይሄ እንግዳ አይሄድም እንዴ" ነው። የእርሶ ሳል "ራሜ የለም" ነው። ራም፣ የያዙትን ሥራ ለጊዜው የሚያስታውሱበት፣ እዛው ደረትዎ ላይ ተሰክቶ እኮ ነው!

ባለሙያ ጠራሁ። ባለሙያው ደጃፍ ላይ ሲደርስ እርሶ በአንድ ቁልፍ ብድግ! ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሮ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሲደርስ የሚስቅ ሕፃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደሱ። እሱም "ምንም የለበትም እህቴ፣ ለማንኛውም ፎርማት ይደረግ" አለኝ። ፎርማት፣ ሃርድዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ የኮምፒውተር ዳማከሴ ነው፣ ምንም ይሁን ምን ይጨመቅበታል። በአንድ ዓመት ሶስቴ ፎርማት ተደረጉ፣ ሶስቴ ፎንት ጫንኩ፣ ሶስቴ የፕሪንተር ድራይቨር ፍለጋ ዞርኩ። እርሶ ግን የሚጮሁት ዊንዶውስ ገና ሳይደረስበት ነው፣ ሃርድዲስኩ ላይ ያለው ቢጠፋ ቢለማ ለዚህ ምን ይፈይዳል? የውጪው በር ቁልፍ አልዞርም ሲል ሳሎን ቀለም መቀባት ነው እኮ። ይሄ የገባኝ ከሶስተኛው ክፍያ በኋላ ነው፣ ትምህርት በነፃ አይገኝም።

ከዛ በቃ ራሴ ከፈትኩዎት። ከሶኬት ነቅዬ ማለቴ ነው፣ እንዲያውም የብረት ክዳንዎን ነካ ነካ አርጌ፣ በእጅ ላይ ያለች ኤሌክትሪክ ለራም ጥሩ አይደለችም ስለሚባል። የውስጥዎን አቧራ አልናገርም፣ ጤፍ ቢዘራበት ይበቅላል። ሁለቱን ራሞች ጫፍና ጫፍ ያለችውን መያዣ ወደ ውጪ ገፋ አርጌ አወጣኋቸው፣ ወርቅ የመሰለችው ጥርስ ጠቁራለች። የልጄን ላጲስ ሰረቅኩ፣ ነጩን፣ ለስላሳውን፣ ቀስ አርጌ ጠረግኳት፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ። አንዳንዱ በአፉ እፍ ይላል፣ እኔም እል ነበር፣ ለካ የሚገባው ምራቅና እርጥበት ነው። ማታ ልጄ ቦርሳውን ሲከፍት ላጲሱ ከሰል መስሏል፣ "እማ ምን አጥፍተሽ ነው?" አለኝ። ስንቱን ልንገረው።

ከጽዳቱ በኋላ መነሳቱን እንኳ ተነሱ። ግን አመል አይደል፣ አንድ ቀን የሰርግ ጥሪ እየጻፍኩ፣ ሙሽራው አጠገቤ ቆሞ የአባቱን ስም እያረመኝ፣ ሴቭ ልል ስል ሰማያዊ ስክሪን፣ ዊንዶውስ ወደቀ! አንተ ምናምንቴ፣ አንተ የቆርቆሮ ክምር፣ ሰው እንዳያገባ ነው እንዴ የምትፈልገው፣ ምን አድርጌህ ነው፣ ማን ነው አቧራህን የጠረገልህ፣ ማን ነው…

ይቅርታ ክቡርነትዎ። አንተ አልኩዎት። ወደ ጉዳዩ ልመለስ።

ያን ዕለት ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭኜ ማታ ሶስት ሰዓት ላይ አስጀመርኩት፣ እሱ ራሙን ክፍል በክፍል እየጻፈበት መልሶ እያነበበ ነው የሚፈትነው፣ ደጋግሞ ካልዞረ ደግሞ አያስተማምንም፣ ስለዚህ ማደር አለበት። ጋቢ ተከናንቤ አጠገብዎ ቁጭ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀይ በቀይ ሆነ፣ ደስ አለኝ፣ ሰው በቀይ መስመር ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም፣ ቢያንስ በሽታው ታወቀ። በዛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። በማግስቱ ራሞቹን አንድ በአንድ እየለየሁ ደገምኩትና ጥፋተኛው ተያዘ።

አሁን ምትክ ፍለጋ። መገናኛ አንድ ሱቅ ገባሁ፣ ዲዲአር 2፣ የእርሶን የራም ዓይነት፣ አልኩት፣ "ዲዲአር 3 ነው ያለው፣ ያው ነው፣ ጫን ስታረጊው ይገባል" አለኝ። አይገባም! የሁለቱም እግር 240 ነው፣ ርዝመታቸውም አንድ ነው፣ ግን መሃሏ ላይ ያለችው ጭረት ቦታዋ ይለያል፣ ሆን ተብሎ ነው፣ የሚፈልጉት ቮልት አንድ አይደለም፣ አንዱ 1.8 ሌላው 1.5። ጫን ያለ ሰው ራሙንም ማዘርቦርዱንም ተሰናብቶ ይመለሳል። በመጨረሻ መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ ወርጄ ከሞተ ዘመድዎ ደረት የወጣ ባለ 2 ጊጋ ዲዲአር 2 አገኘሁልዎት። ምናለሽ ተራ ያልሞተ ነገር የለም፣ ሞቶ የቀረም የለም።

ከደህናው ጋር 4 ጊጋ ሞላሁልዎት አይደል? እርሶ ግን 3.25 ብቻ ነው የምጠቀመው አሉኝ። የቀረውስ የት ገባ? ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ በጠቅላላ 4 ጊጋ አድራሻ ነው መቁጠር የሚችለው፣ ከሱ ላይ ደግሞ ለግራፊክስ ካርዱና ለሌሎች ዕቃዎች ይቀነሳል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ይሄ አይገርመውም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ካሬ ሌላ ነው፣ ሶፋ የምታስገባበት ካሬ ሌላ ነው፣ መሃል ላይ ያለው "የጋራ" ይባላል።

ደግሞ ዊንዶውስ ተነሳ ሲባል የሚሰለፉት ፕሮግራሞች! ስካይፕ፣ ሁለት አንቲቫይረስ (እርስ በርስ የሚጠባበቁ)፣ ማን እንደጫነው የማይታወቅ አፕዴተር፣ ሁሉም በጠዋት እኔ ልቅደም ሲል ራሙ ይሞላል፣ ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ሃርድዲስክ ላይ ይከምራል፣ ሃርድዲስኩ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል ቢባልም ከራም ጋር ሲተያይ በሬ ነው። ኤምኤስኮንፊግ፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚነሱት የሚመረጡበት ቦታ፣ ገብቼ ግማሹን ከሰልፉ አስወጣሁት፣ አልፎልናል።

አሁን ወደ ቀኑ። ማዘርቦርድዎ ላይ አንዲት የሳንቲም መልክ ያላት ባትሪ አለች፣ ሲአር 2032 ትባላለች፣ ቁጥሩ ዝም ብሎ አይደለም፣ ወርዷ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረቷ 3.2 ማለት ነው፣ ጉልበቷ 3 ቮልት። እሷ ናት ሰዓትና ቀንዎን፣ ከየትኛው ዕቃ እንደሚነሱ፣ ሌላውንም ቅንብር የምታስታውስልዎት። እሷ ሞታለች። ሶኬቱ ላይ እስካሉ ድረስ ከፓወር ሰፕላዩ በምትመጣ ጭላንጭል ይቆያሉ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ወደ ጃንዋሪ 1፣ 2009 ይመለሳሉ፣ በኛ ታህሳስ 23 ቀን 2001። ብሮውዘሩም ይጣላኛል፣ የዌብሳይቶቹ ሰርተፍኬት ከዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት በኋላ የሚሰጥ ይመስለዋላ። ያ ብቻ አይደለም፣ የመነሻ ቅደም ተከተሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ዩኤስቢ ይመለከታሉ፣ ደንበኛ ሾርትከት ቫይረስ የሞላባት ፍላሹን ረስቶብኝ ከሄደ እሷን እያሸተቱ "ቡት ዲቫይስ የለም" ይሉኛል። ያ ሁሉ ፎርማት! ግማሹ ፍላሹን ነቅሎ ኤፍ ዋን የምትለዋን ቁልፍ በመጫን የሚያልቅ ነበር።

አሁን ያንቺው ጥፋት ነው፣ ባትሪዋን ግዢያ ይሉኛል። ይስሙኝ።

ደብዳቤ ላይ የኛን ቀን የምታስገባልኝ ትንሽዬ ፕሮግራም አለችኝ፣ ቀኑን ከእርሶ ነው የምትወስደው። አንድ አባት የውሃ ቆጣሪ ይግባልኝ ማመልከቻ አስጻፉ፣ ሌሊት መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር፣ እኔ አላየሁም፣ እሳቸው አላዩም፣ ፈርመው ሄዱ። መሥሪያ ቤት ያለው ልጅ ወረቀቱን ያያል፣ ታህሳስ 2001። "አባባ፣ ከ2001 ጀምሮ ነው የሚመላለሱት?" ይላቸዋል ደንግጦ። እሳቸው ደግሞ ብልህ ናቸው፣ አይዋሹም፣ ዝም ብለው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ተነፈሱ። ወንበር መጣላቸው። በሳምንቱ ቆጣሪው ገባ።

በማግስቱ ሶስት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። "ልጄ፣ እንደኔ ያለውን ጻፊላቸው።" እኔ አይሆንም አባባ፣ ስህተት ነው፣ ወንጀልም ይሆናል ብዬ ሶስቱንም በዛሬ ቀን ጻፍኩላቸው፣ በእጄ አስተካክዬ። አኮረፉኝ። እርሶን ግን "ይሄ ሽማግሌ ኮምፒውተር ይሻላል" እያሉ እንደ ታቦት ዞር ብለው እያዩ ወጡ። እስካሁን መብራት በጠፋ ማግስት ደንበኛዬ ለምን እንደሚበዛ የገባዎት እርሶ ብቻ ኖት፣ ቀኑን እያረምኩ እጄ ዛለ።

ራምዎን ይረሳሉ፣ ቀኑን ይረሳሉ፣ ሃርድዲስክ እንዳለዎት ይረሳሉ። ሶስቴ ፎርማት ተደርገው እንኳ ያልረሱት አንድ ነገር አለ፣ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ ደንበኛ ፊት፣ "ይህ የዊንዶውስ ቅጂ ትክክለኛ አይደለም"። እሷን ማስታወስ ይችሉበታል።

ባትሪዋን ከገዛኋት ወር ሆኗታል፣ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ናት። ዛሬ ማታ፣ ሱቅ ስዘጋ፣ ከሶኬት ነቅዬ አስገባልዎታለሁ። ካልሆነ ቅዳሜ።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ጽሕፈት ቤቷ

ግልባጭ፦
ለልጄ፣ ላጲሱን በተመለከተ
ለሙሽራው፣ ካርዱ ላይ የአባትህ ስም አሁንም ትክክል አይደለም መሰለኝ
ለሰፈራችን ቆራሌው፣ ለመረጃ ያህል