ይድረስ ለክቡር የእጅ መታጠቢያ በርሜል

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ካበጠው ቁርጭምጭሚቴ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቁርጭምጭሚቴን ሰኞ ዕለት ያገኙት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጠራም። ባሕር ዳር ነው፤ ከጣና በእግር ቢሄዱ 10 ደቂቃ አይሞላም። በሩ ፊት ለፊት ተገትረዋል። ሰማያዊ ቀለምዎ ለቋል። «እጅዎን ይታጠቡ» ከሚለው ጽሑፍ የቀረው «እጅዎን» ብቻ ነው። ቤቱን የሚያውቅ ባለጉዳይ የጎደለውን በራሱ ይሞላዋል።

መርገጫዎን ረገጥኩት። ሲጥጥ አለ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም። ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ጎን ቆሞ መድረቅም ችሎታ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል እሰማ ነበር፤ የገባኝ ግን እርስዎን ሳይ ነው።

የክብር ዘመንዎን አልረሳሁትም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 22 ደግሞ ባሕር ዳር ራሷ ለ14 ቀን ተዘጋች። ባጃጅ የሌለባት ባሕር ዳር! ዘንባባው ሥር የራሴን ኮቴ እየሰማሁ ሄድኩ። ያኔ እርስዎ እስከ አፍዎ ሞልተው፣ ሳሙና በመረብ አንገትዎ ላይ አንጠልጥለው ይኮሩ ነበር። እኔም እስከ ክርኔ ታጥቤ ነው የገባሁት።

ጎረቤቴ ግን እንደ እርስዎ አልቀናውም። ወደ ዘጌ ጀልባ ይነዳ ነበር፤ ፈረንጆቹን ኡራ ኪዳነ ምሕረት አድርሶ ይመልሳል። ፈረንጁ ሲጠፋ ጀልባዋ ታስራ ከረመች። ዓሣ ይዞ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። ማን ይግዛው? ሁሉም ኪሱን ይዞ ቤቱ ተቀምጧል።

ልጁ ያኔ 7ኛ ክፍል ነበረች። መልመጃ በቴሌግራም ይላካል ተባለ። ቤት ውስጥ ያለው ስልክ አንድ፣ እሱም አባቷ ኪስ፤ ካርድ ደግሞ የለም። ያለ ፈተና 8ኛ ገባች። በ2013 ትምህርት ቤት ተከፍቶ በፈረቃ ስትመለስ የሒሳብ ደብተሯን አየሁት። መጨረሻው ገጽ ላይ «አርብ፣ መጋቢት 4» ይላል። ከሥሩ አንድ የክፍልፋይ ጥያቄ ግማሽ ድረስ ተሠርቶ ቆሟል። (እኔ ልጨርስላት ሞከርኩ። አልቻልኩም፤ ይህ በእኛ መካከል ይቅር።)

እንግዲህ አባትን ሥራ ያስፈታ፣ ልጅን ከክፍል ያስወጣ ወረርሽኝ እርስዎን ብቻ ቋሚ ሠራተኛ አድርጎ ሄደ። ፈረቃ የለብዎ፣ ዕረፍት አይወጡ፣ ውሃ አይዙ።

«ለምን አይነሳም?» ብዬ ጥበቃውን ጠየቅኩት። ጃንጥላውን ቧንቧዎ ላይ እየሰቀለ፣ «ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል፤ ለማስወገድ ኮሚቴ ያስፈልጋል» አለኝ። ኮሚቴውስ? ሰብሳቢው ስልጠና ላይ ናቸው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ሰብሳቢው እስኪመለሱ አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ጠጋ ይበሉልኝ። ማህተም የሚመታው ሰው ስላልነበረ ሐሙስ ተመለስ ተብያለሁ።

አክባሪዎ
እያነከሰ የሄደው ባለጉዳይ