ሩዝ ችሎት ፊት ሲቀርብ

አዲስ አበባ ውስጥ የእስያ ምግብ የሚበላ ሰው ጥቂት ነው፤ የእስያ ምግብ የሚመረምር ግን ሞልቷል። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ቦሌ፣ ገርጂ ወይም ሳር ቤት አካባቢ ካሉት የቻይና፣ የህንድና የኮሪያ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ የጎረቤት ጠረጴዛ ወሬ የሰማ ሁሉ ይመሰክርልኛል። ሐበሻ ወንበር ስቦ እንደተቀመጠ፣ ከማዘዙ በፊት የአስተናጋጇን ቃል ይቀበላል። ይህ ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ማን ሠራው? ሥጋው የምንድን ነው?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትከብዳለች። ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2009 ዓ.ም. በሕዝብ ቁጣ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ሥጋውም ቢሆን ለውጭ ገበያ እንጂ ለአዲስ አበባ ምሳ የታሰበ አልነበረም። አክስቴ ግን ፋይሉን አልዘጉትም።

«ልጄ፣ ይህ የምን ሥጋ ነው?»

«የበሬ ነው እናቴ።»

«በሬው ከየት መጣ?»

«ከቄራ።»

«ከየትኛው ቄራ?»

አስተናጋጇ ትዕግሥተኛ ናት። ሥጋውን ትታ ሌላ ሳህን አሳየቻቸው። «እንግዲያው ይህን ይሞክሩት፤ ቶፉ ይባላል። ከአኩሪ አተር ነው የሚሠራው፤ የጾም ነው።»

«አተር ከሆነ ሥጋ ለመምሰል ምን አስጨነቀው?»

ለዚህ ቤጂንግም መልስ ያላት አይመስለኝም።

ጠረጴዛው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ደህና የቻይና ምግብ ቤት ክብ ጠረጴዛ አለው፤ በመካከሉ የሚሽከረከር መስታወት ተቀምጧል፤ ሳህኖቹ በሙሉ እዚያ ላይ ይደረደሩና እያዞሩ መቋደስ ነው። ሲወራ ለእኛ ታስቦ የተሠራ ይመስላል፤ ከአንድ ትሪ በልተን ያደግን ሰዎች ነንና። ነገር ግን ያደግነው «ከፊትህ ብላ» እየተባልን ነው። እጁን አሻግሮ ከሌላ ሰው ፊት ያለውን ሥጋ የነካ ልጅ ምን እንደሚደርስበት የማያውቅ የለም። እንግዲህ ከፊት ያለው ምግብ ራሱ ተነሥቶ ሲሄድ ሰው ምን ያድርግ? ዳክዬው ደረሰልኝ ብዬ እጄን ስሰነዝር አንዱ ሩዝ ፈልጎ መስታወቱን ገፋ ያደርገዋል፤ ዳክዬው ወደ ጎረቤቴ ይሰደዳል። ተከትዬው ብዘረጋ ባለጌ እባላለሁ፤ መልሼ ባዞረው ከአክስቴ አፍ መንጠቅ ይሆንብኛል። በዚህ ላይ ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ አይጀምርም፤ ታላቃችን ደግሞ ምርመራቸውን አልጨረሱም። ስለዚህ ምግቡ እየዞረ ቀዘቀዘ። እኛም «አንተ ጀምር»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባልን፣ ከሩቅ ለሚያየን ሰው በአሥር ሳህን ቁማር የምንጫወት መስለን ቆየን።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚታደግ ሰው አይጠፋም፤ ጓንዡ ደርሶ የመጣ ሰው። የእኛው ነጋዴ ነው፤ ለዕቃ ይመላለሳል፤ በዚህም ምክንያት ከሙምባይ እስከ ቶኪዮ ያለው ምግብ ሁሉ በእርሱ ኃላፊነት ሥር ነው። ጓንዡ ውስጥ እንጀራ የሚገኝበትን ቤት ከከተማው ታክሲ ነጂዎች አብልጦ እንደሚያውቅ፣ ሻንጣው ውስጥ ድርቆሽና ሽሮ ሳይዝም ቦሌን ለቆ እንደማያውቅ ባለቤቱ ነግራናለች። ይህ ግን ከሥልጣኑ ቅንጣት አልቀነሰበትም። የቾፕስቲክ አያያዝ ሊያስተምረን ተነሣ። የታችኛው እንጨት አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀሰው የላይኛው ብቻ ነው አለ። እውነቱን ነው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። የእርሱ እንጨቶች ግን ሁለቱም ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ያልተንቀሳቀሰው ዶሮው ብቻ ነው።

አክስቴ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ተመልሰዋል። «እንጨት ልትሰጡኝ ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን አስታጠባችሁኝ?» አሉና በእጃቸው ጀመሩ። ማን ይናገራቸዋል? የደቡብ ህንድ ሰው ሩዙን በቀኝ እጁ ጠቅልሎ ሲጎርስ ቢያዩ ዘመድ አገኘሁ ይሉ ነበር። ነጋዴው ግን ትምህርቱ መና እንዳይቀር በእንጨቶቹ ኑድል አንሥቶ ሊያጎርሳቸው ተንጠራራ። ጉርሻ ደግሞ አንዴ ከተነሣ አይመለስም፤ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ዳር ማድረስ አለበት። ኑድሉ እኩሌታው አፍ ውስጥ፣ እኩሌታው ነጠላው ላይ አረፈ። ሶያ ሶሱ ከጥለቱ በላይ ሌላ ጥለት አወጣ።

ዓርብ ከሆነ ሰልፉ ወደ ህንድ ምግብ ቤት ይዞራል። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ የምናሌው እኩሌታ ሥጋ የሌለበት ስለሆነ ጾመኛው ሁሉ እፎይ ብሎ ይገባል። እፎይታው እስከ መጀመሪያው ማንኪያ ነው። ህንዶቹ ላሟን አያርዷትም እንጂ ያልቧታል፤ ሥጋ የለውም ከተባለው አብዛኛው በቅቤ የተቁላላ፣ በእርጎ የራሰ፣ አለዚያም ፓኒር የሚሉት አይባቸው የተቆራረጠበት ነው። ነገሩ የገባት አስተናጋጅ ቀድማ «በእኛ ጾም ነው ወይስ በእነርሱ?» ብላ ትለያለች። በእኛ ከተባለ በዘይት የተሠራ ዳል ይቀርባል። ቢጫ ነው፤ እርድ አለበት፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይሸታል። አክስቴ ቀመሱት።

«ይህማ ክክ አልጫ ነው» አሉ።

ነውም።

«ለክክ አልጫ ይህን ያህል ብር?»

በዚህ ላይ ይግባኝ የሚጠይቅ አልተገኘም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሩዝ ነው። በእኛ ቤት ሩዝ የሆድ ሕመምተኛና የሕፃን ቀለብ ነው፤ ጤነኛ አዋቂ ሩዝ በልቶ «በላሁ» ካለ በሐዘኔታ ይታያል። ክምር ሩዝ ከነአትክልቱ ጠርጎ ካበቃ በኋላ «ዛሬ እህል ሳልቀምስ ልውል ነው» ያለ ሰው አይቻለሁ። የዚህ ሰው የጠዋት እንጀራ ቢመረመር ስንት ጉድ በወጣ ነበር! ከጣና በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ፣ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ ካስተዋወቁት ወዲህ የሩዝ አገር ሆኗል። ጤፍ ሲወደድ ሩዙ ከጤፍ ጋር እየተቀየጠ ምጣድ ላይ ይወጣል፤ እንጀራውንም ነጭ አድርጎ ያሳምረዋል። በእንጀራ ስም ሲመጣ እልልታ፣ በራሱ ስም ሲመጣ ክስ። ሩዝ ጠበቃ ቢያቆም ይረታ ነበር።

ከሩዝ ክስ የባሰው የሱሺ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሞ ከዳቢቱ፣ ከሻኛው፣ ከጎድኑ እያማረጠ ያስመዝናል። ጥሬውን በቢላ እየቆረጠ በአዋዜ፣ በሚጥሚጣና በሰናፍጭ እያጠቀሰ ይበላል፤ ያለ ምንም ድንጋጤ። ይህ ሰው ሱሺ ሲቀርብለት ፊቱ ዳመነ።

«ጥሬ ነው?»

«አዎ፣ ዓሣው ጥሬ ነው።»

«እግዚኦ! ሰው እንዴት ጥሬ ይበላል?»

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። ከልቡ ነው። አስተናጋጁን ጠርቶ ቢያንስ ለብ ለብ እንዲደረግለት ለመነ። እስኪወሰንለት ድረስም ሳህኑ ጠርዝ ላይ የነበረችውን አረንጓዴ ነገር አቮካዶ መስላው በማንኪያ ጎረሳት። ዋሳቢ ነበረች። በብዙ ቦታ ዋሳቢ ተብሎ የሚቀርበው ከእውነተኛው ተክል የተሠራ አይደለም፤ ሰናፍጭና አንድ የሰናፍጭ ዘመድ የሆነ ሥር ተፈጭተው አረንጓዴ ቀለም የገባባቸው ናቸው። ሰውየው እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ አፍንጫውን ያዘ፤ ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። «ይህችንስ አውቃታለሁ!» አለና ዋሳቢ እንዲጨመርለት አዘዘ። ዓሣውን አልነካውም።

ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ የሐበሻ ወግ ራሱ ይፈርሳል። ክትፎ ቤት ቢሆን ኖሮ «አፈር ስሆን፣ እኔ ነኝ የምከፍለው!» እየተባለ እጅ ለእጅ መተናነቅ ነበር። እዚህ ግን የምናሌው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስንና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያን እንደማይጨምር ተጽፏል። ዋጋው ራሱ የተጻፈው ተለጣፊ ወረቀት ላይ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ተለጣፊ በተለጣፊ ላይ ተደርቦ ስለወፈረ፣ ጥፍር ያለው ሰው እየፋቀ የቅርብ ጊዜውን የኢኮኖሚ ታሪክ ማንበብ ይችላል። ደረሰኙ መጥቶ መስታወቱ ላይ እንዳረፈ ነጋዴው ስልክ ተደወለለት። አንዱ እጁን ሊታጠብ ሄደ። የቀረነው ምንም ሳንነጋገር መስታወቱን ቀስ እያደረግን ማዞር ጀመርን። «ከፊትህ ብላ» የሚል ሰው በዚያች ሰዓት አልነበረም።

ቀጣዩ ተራ የኮሪያ ምግብ ቤት ነው። እዚያ ግን የምንገባው በእንግድነት ሳይሆን በባለውለታነት ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በጠቅላላው ከ6,000 ብዙም አይበልጡም፤ ኪምቺ ፊት ተቀምጦ «አያቴ ዘማች ነበሩ» የሚለው ሁሉ ቢቆጠር ግን ጦሩ ሻለቃ መሆኑ ቀርቶ ክፍለ ጦር ይሆናል። ነጋዴው ለዚህም ብቁ ነው፤ አንድ ጊዜ ኢንቺዮን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አውሮፕላን ቀይሯል። በትንንሽ ሳህን የሚመጣው አትክልት ሁሉ በነጻ መሆኑን፣ ሲያልቅም እንደሚሞሉት ሲያስረዳ አክስቴ ጆሯቸውን አቀኑ። ቀጥሎም ሥጋው ጥሬውን እንደሚቀርብና ደንበኛው ራሱ ጠረጴዛው ላይ ባለው ምድጃ እየጠበሰ እንደሚበላ ነገራቸው።

«ጥሬውን ነው የሚያመጡት?»

«አዎ እትዬ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ ጥሬውን።»

«እንግዲያስ ሚጥሚጣውን እኔ ይዤ እመጣለሁ» አሉ አክስቴ። «አንተ ብቻ ምድጃውን እንዳይለኩሱት ንገራቸው።»