እባካችሁ ቤንዚኑን ቤት ተዉት

ሰሞኑን አንጀቴ እያረረ ነው፤ ዛሬ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

ጅማ ላይ ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጣ ብሎ ሥጋ መጥበስ፣ ቡና ማፍላት፣ ድንኳን ተክሎ ማደር እየተለመደ መጥቷል። በጣም ጥሩ ነው። ጫካው ቅርባችን፣ አገሩ ለምለም፤ ወጣቱ ከስልኩ ቀና ቢል ማን ይጠላል? ግን ወገኖቼ፣ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ሲወጣ በመሃሉ እሳት በወጉ ማያያዝ የሚችል አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? ድንኳኑ ተሟልቷል፣ ስፒከሩ ቻርጅ ተደርጓል፣ ሥጋው ታሽቶ አድሯል፣ መጥበሻው አዲስ ነው። እሳቱስ ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ችግር የለም፣ ከሞተሩ ትንሽ ቤንዚን እንቀዳለን።»

ይቺ «ትንሽ ቤንዚን» ናት እኔን የምታንገበግበኝ።

ባለፈው ክረምት የሰፈራችን ልጅ በዚሁ ተቃጥሏል። ዝናብ ያራሰው ፍልጥ ላይ ቤንዚን አርከፈከፉ፣ ክብሪት ጣሉበት፣ ቦግ አለና ወዲያው ከሰመ። ጠፋ ብለው ነው እንግዲህ፤ ከሥር ግን ፍም ይዟል። ልጁ ቤንዚን ያለበትን የሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ ሊደግም ጎንበስ ሲል ነበልባሉ የሚንቆረቆረውን ተከትሎ ሽቅብ ወጣና ጠርሙሱ እጁ ላይ እንዳለ ተቀጣጠለ። ክንዱ፣ አንገቱ፣ አገጩ። ልጁ አሁን ድኗል፤ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አይታጠፉለትም። በዚያ ላይ አጠገቡ የነበሩት ደንግጠው የጥርስ ሳሙና ቀቡት! ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ማር፣ እንቁላል ምንም አይቀባም። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ያውም ጠብ ጠብ ማድረግ ሳይሆን ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ። ቀለበትና ሰዓት እጅ ሳያብጥ ማውለቅ፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሕክምና።

ስለ ቤንዚን ሰው ያልገባው ነገር ይኼ ነው። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ቅዝቃዜ ላይ እንኳ ክብሪት ሲያገኝ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ በእኛ አየር ላይማ ገና ክዳኑ ሲከፈት ጀምሮ ዙሪያችሁን ነው። ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ እግራችሁ ሥር ይተኛል። እናንተ እንጨቱን የለኮሳችሁ ሲመስላችሁ የቆማችሁበትን ነው የለኮሳችሁት። ይኼ ሁሉ አደጋ ደግሞ ለከንቱ ነው፤ ቤንዚኑ ላይ ላዩን ነዶ ያልቃል፣ እንጨቱ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ሥጋው ላይ የሚቀረው ሽታ ብቻ ነው።

ቤንዚን ያጣው ደግሞ ፌስታል ያነዳል። ፌስታል፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የቆሻሻ ላስቲክ። ከዚያ በዚያ ጭስ ላይ የልጆች ምግብ ይጠበሳል። እንዴት አያስቆጣ?

«እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ነው» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ እርጥብ ነው! ጅማ እኮ ነን። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድበት አገር ላይ ተቀምጠን እርጥብ እንጨት ድንገት የመጣብን ይመስል እንዴት በየሳምንቱ እንገረማለን? አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው ውሃ ሊሆን ይችላል። ያ ውሃ ተኖ እስኪያልቅ እንጨቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም ፈቀቅ አይልም፤ በነበልባል እንዲያያዝ ግን ከ250 ዲግሪ በላይ መጋል አለበት። ስለዚህ ክብሪቱን በወፍራም ግንድ ሥር አድርጎ ደረት እስኪያም እፍ ማለት እንጨት መቀቀል ነው፤ ማንደድ አይደለም። ሥራው ሁሉ የሚያልቀው ክብሪቱ ከመጫሩ በፊት ነው። ይቺን አንድ ነገር ሰው ቢረዳልኝ ሌላው ሁሉ ይቀርብኝ ነበር።

በለጠ ጫካ፣ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ሸቤ አካባቢ፣ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሲያካፋ ውሎ ገና አባርቷል። አብረውኝ የወጡት ጎረምሶች ተሰብስበው እፍ እፍ ይላሉ፤ ዓይናቸው በጭስ ቀልቷል፤ አንደኛው «ቤንዚን ይምጣ» እያለ ነው። እንጨት የተሸከሙ አንዲት እናት በመንገዱ ሲያልፉ ቆመው አዩንና ሸክማቸውን አወረዱ። «ልጆቼ፣ ጭስ ለመብላት ነው የመጣችሁት?» አሉ። ከዚያ «ዞር በሉልኝ እስቲ» ብለው ያንን የተከመረ እንጨት በሙሉ በተኑት።

ክብሪት አልጠየቁም። መጀመሪያ የሄዱት ወደ እንሰቱ ነው። ከለምለሙ ቅጠል ሥር ግንዱን ተጠግቶ የተንጠለጠለውን የደረቀ ኮባ ከላይኛው እርጥቡን እየገለጡ ከውስጥ ያለውን ብቻ መዘዙ። በሁለት መዳፋቸው መሃል አድርገው ሲያሹት ፈርሶ እንደ ጥጥ ሆነ። ያንን ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጡት። ቀጥለው ከሸክማቸው አንድ ክንድ የሚያክል እንጨት መርጠው በገጀራ ለሁለት ሰነጠቁት፤ ላዩ ዝናብ የጠጣው እንጨት ውስጡ ነጭና ደረቅ ነበር! ከዚያ ከልቡ እያነሱ እንደ ስንደዶ የቀጠኑ ስንጥሮች አወጡ፤ ቀጥሎ የጣት ውፍረት ያላቸውን፤ ቀጥሎ የአውራ ጣት። እያንዳንዱን በየመጠኑ ለብቻው ደረደሩት። እርጥቡን መሬት እንዳይነካ ከሥር ወፍራም ወፍራሙን አጋድመው እንደ አልጋ አደረጉት። አንድ ግንድ በጎን አስቀምጠው ስንጥሮቹን ዘንበል አድርገው ደገፉበት፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል በር ተዉለት። ኮባውን በዚያ በር አስገቡ። ያኔ ነው «ክብሪት» ያሉት።

በአንዲት ክብሪት ያዘ። እፍም አላሉትም፤ «አትንኩት፣ ይብላ» አሉን። ስንጥሮቹ ፍም መቋጠር ሲጀምሩ ብቻ ጎንበስ ብለው ከሥር ዝግ ያለ ረጅም ትንፋሽ ሰጡት።

አብረውኝ የነበሩት ምን አደረጉ መሰላችሁ? ስልክ አውጥተው ፎቶ አነሱ። «እንዴት አደረጉት?» ብሎ የጠየቀ የለም። ያ ነው ያቃጠለኝ። ሸክማቸውን ላሸክማቸው ስጠጋ እኔ ጠየቅኋቸው፤ ሳይሰስቱ ነገሩኝ። መሬት የተኛውን እንጨት ተዉት፣ ከመሬቱ ውሃ ሲመጥ ነው የኖረው። ዛፍ ላይ እንዳለ ደርቆ የቀረውን ቅርንጫፍ ስበሩ። ሲሰበር ቀጭ ካላለና ከተለመጠ አይሆንም። ማታ የሚያስፈልገውን እንጨት ሁሉ እሳቱን ሳትለኩሱ ሰብስቡ፤ እሳት አያይዞ እንጨት ፍለጋ የሄደ ሰው ሲመለስ አመድ ነው የሚያገኘው።

ይኼ እውቀት ሩቅ አገር ያለ አይደለም። የብዙዎቻችን እናት ማድቤት ውስጥ ነው ያለው። ማታ ፍሙን አመድ ውስጥ አዳፍነው ጠዋት ገልጠው የሚያያይዙ፣ የጠፋበት ጎረቤት ገል ይዞ እሳት ሊጭር ሲመጣ የሚያካፍሉ እናቶች ነው ያሳደጉን። «የሴት ሥራ»፣ «የገጠር ሥራ» ተብሎ ወንዱ ልጅ ከማድቤት ሲባረር ኖሮ አሁን ጫካ ሲወጣ እሳቱን ካልያዝኩ ብሎ ይጋፋል። የምታውቀው እህቱ ቆማ ታያለች፤ እሱ ቤንዚን ያፈሳል። እባካችሁ ተዉ!

ከቪዲዮ የሚማሩትም አሉ፤ መማራቸውን አልነቅፍም። ግን ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው የሚልጠው ነጭ ልጣጭ ያለው ዛፍ እኛ አገር አይበቅልም። እኛ ያለን ባሕር ዛፍ ነው፤ ከግንዱ እየተላጠ የሚንጠለጠለው ደረቅ ልጣጭ ግሩም መለኮሻ ነው፤ ቅጠሉም ዘይት ስላለው ከደረቀ በደንብ ይነዳል። ያለን የደረቀ ኮባ፣ የሙዝ ቅጠል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የጥድ ሙጫ ነው። የቡና ገለፈት ግን ለመለኮሻ አትሞክሩት፤ ታምቆ ይጨሳል እንጂ ነበልባል አያወጣላችሁም።

ቪዲዮ አይቶ ያንን ሲፈገፈግ የእሳት ብልጭታ የሚረጭ የብረት ዘንግ ከውጭ ያስመጣም አለ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ብልጭታው እስከ 3,000 ዲግሪ ይደርሳል፣ ቢረጥብም ይሠራል። በ1903 አንድ የኦስትሪያ ኬሚስት የፈለሰፈው ቅይጥ ሲሆን በየኪሳችን ባለው ላይተር ውስጥ ያለችው ድንጋይም ያቺው ናት። ግን ብልጭታ ብልጭታ ነው፤ የሚቀበለው ደረቅና ልል ነገር ካላዘጋጃችሁለት ሌሊቱን ሙሉ ብትፈገፍጉት ርችት ማየት ነው። ዕቃ ገዝቶ ሙያ የገዛ የሚመስለው ሰው በጣም በዝቷል።

ስለ ክብሪትም ልናገር። ጭንቅላቱ ሲጫር የሚረግፍ፣ እንጨቱ በእጅ ላይ ቅንጥስ የሚል ክብሪት በየሱቁ እየተሸጠልን ነው፤ ይኼ የአምራቹ ጥፋት ነው። ግን ክብሪቱ ደህና ሆኖም ኪስ ውስጥ ካላበ አይሠራም፤ ምክንያቱም መለኮሻው ግማሹ የቀፎው ጎን ላይ ነው። ቀዩ ፎስፈረስ ያለው እዚያ ነው። ጎኑ ከራሰ ጭንቅላቱ ቢደርቅም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ክብሪቱ ከነቀፎው አፉ ሰፊ በሆነና ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ውስጥ ይግባ፤ ላይተር በሌላ ኪስ ይያዝ። የሻማ ቁራጭ ወይም ጧፍ ጨምሩበት፤ ክብሪት ለአፍታ ብቻ ሲነድ ጧፍ ግን ስንጥሩ እስኪደርቅና እስኪይዝ ይጠብቃችኋል። ቫዝሊን የተቀባ ጥጥም ለደቂቃዎች ይነዳል። ይኼ ሁሉ ተደምሮ የቤንዚኑን ዋጋ አያህልም።

ሌላው የሚያበግነኝ ገጀራ መዘው በቁሙ ያለ ዛፍ የሚቆርጡት ናቸው። ያ ዋንዛ፣ ያ ሰሳ የገበሬው የቡና ጥላ ነው! ሰውዬው ለዓመታት ያሳደገውን ለአንድ ከሰዓት ጥብስ ትቆርጡበታላችሁ፤ እርጥብ ስለሆነ ደግሞ አይነድላችሁም። «ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል» ብሎ የተከራከረኝ አለ። ይነዳል፤ ደረቁ በዝቶ ፍም ከሞላ በኋላ። በባዶ ሜዳ ላይ ግን ጭስ ብቻ ነው። እንጨት ካልያዛችሁ ሐሙስ ገበያ ወጥታችሁ ደረቅ ፍልጥ ግዙና ጭናችሁ ሂዱ፤ ነውር የለውም።

የጉልቻ ድንጋይም ከወንዝ ውስጥ አታውጡ። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳና ፍንጣሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

አሁን ደግሞ የሚያስፈራኝን ልናገር። ዝናብ ሲመጣ ከሰሉን ከነማንደጃው ድንኳን ውስጥ አስገብቶ ዚፑን ዘግቶ መተኛት። ይኼን ሲያደርጉ አይቼ ጮኼ አስወጥቻለሁ፤ «አታካብድ» ተብያለሁ። አላካበድኩም! የከሰል ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ይጥላል፣ ይገድላል። ከበረዳችሁ ልብስ ደርቡ፣ ተጠጋግታችሁ ተኙ፤ እሳቱ ግን ውጭ ይደር።

እና እባካችሁ ክረምቱ ሳያልፍ ተለማመዱ። ሐምሌ ላይ ግቢያችሁ ውስጥ፣ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ እያየቻችሁ፣ ያለ ቤንዚን ያለ ፌስታል፣ ሻይ እስኪፈላ ድረስ። በካፊያ ያያያዘ ሰው በጥር አይቸገርም። በጥር ችግሩ ሌላ ነው፤ ያኔ የጫካው መሬት በደረቀ ቅጠል ተሸፍኗል፣ የረሳችሁት ፍም በነፋስ ተነስቶ ቡናውንና የንብ ቀፎውን ይዞ ይሄዳል። አፈር አልብሶ መሄድ ማጥፋት አይደለም፤ አፈሩ ፍሙን ያዳፍነዋል፣ ለሰዓታት ያቆየዋል፣ በማግስቱ ከብት ጠባቂው ልጅ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ጓዝ ከመጫናችሁ በፊት፣ ገና ብርሃን ሳለ ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ ድገሙት። ከዚያ የእጃችሁን ጀርባ ጠጋ አድርጉት፤ ሙቀት ከተሰማችሁ ሌላ ጀሪካን ውሃ ቅዱ።