ማስተካከያ፦ «ፍትሐዊ ዓለም» የሚለው እምነትና የደፋሪው ምስል

ሰሞኑን ሲዘዋወር የነበረ አንድ ማብራሪያ፣ «ዓለም ፍትሐዊ ናት፤ ሁሉም የሚገባውን ያገኛል» የሚለው እምነት የመደፈር ተጠቂን ለመውቀስ እንደሚዳርግ ይናገራል፤ ሐሳቡ የመነጨበት ሙከራም ስለ ወሲባዊ ጥቃት እንደነበር ይገልጻል። በመሠረቱ ትክክል ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው።

መጀመሪያ የታሪኩን ስህተት እናርም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሜልቪን ለርነርና ካሮሊን ሲመንስ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ሙከራ ስለ ወሲባዊ ጥቃት አልነበረም። ተሳታፊዎቹ ያዩት አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ስትነዘር ነው፤ ንዝረቱም የማስመሰል ነበር። ስቃዩን ማስቆም ያልቻሉት ሴትዮዋን ይበልጥ ዝቅ አድርገው ገመገሟት። ሐሳቡን ወደ መደፈር የወሰዱት በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው።

ማብራሪያው የዘለለው ደግሞ ደፋሪውን ነው። ዓለም ለደግ ሰው ደግ ናት ብሎ የሚያምን፣ ክፉ ሥራ የሚሠራውም ከሩቅ የሚለይ ክፉ ሰው እንዲሆንለት ይፈልጋል። ጨለማ ውስጥ ያደፈጠ፣ ማንም የማያውቀው። ይህ ምስል ያረጋጋል፤ «በጊዜ ቤቴ ከገባሁ ምን እሆናለሁ?» ያሰኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥቃት አድራሹ ተጠቂዋ የምታውቀው ሰው ነው፦ ባል፣ ጓደኛ፣ ዘመድ፣ አለቃ። እሱ ሲከሰስ ታዲያ ከምስሉ ጋር አይገጥምም። «ኧረ እሱ ጨዋ ልጅ ነው!» ይባላል። (መስካሪው ከሰላምታ ያለፈ ላያውቀው ይችላል።) ከዚያ ጥርጣሬው ወደ እሷ ይዞራል።

እምነቱ ያለው ሁሉ ተጠቂን ይወቅሳል ማለትም አይደለም፤ ዝንባሌ ነው። ወንዶችም ይጠቃሉ፤ ማብራሪያው እነሱንም ረስቷል።